ከሩሪክ እስከ ያሮስላቭ፦ የጥንቱን የሩስ ታሪክ ደብተር ይዞ የማጣራት አሠራር

ስለ ሩሲያ ሕዝብና ገዢዎች አጀማመር የሚተርክ ጽሑፍ ስትከፍቱ ብዙ ጊዜ የሚቀበላችሁ የስም ሰልፍ ነው፦ ሩሪክ፣ ኦሌግ፣ ኢጎር፣ ኦልጋ፣ ስቪያቶስላቭ፣ ቭላዲሚር፣ ያሮስላቭ። ከየስሙ ጎን ዓመት ተቀምጧል፤ ሁሉም እኩል የተረጋገጠ ይመስላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ሩሪክን አይቶ የጻፈ ሰው ቃል አንድም አልደረሰንም። የያሮስላቭን የሞት ቀን ግን በኪየቭ ቅድስት ሶፍያ ካቴድራል ግድግዳ ላይ በስለት ጭሮ የተወልን ሰው አለ። ይህን ልዩነት ሳይለዩ ማንበብ ተረትና ሰነድን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክርክር ሁሉ መሠረት አይኖረውም።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ማንኛውም አንባቢ የጥንቱን ሩስ ገዢዎች አንድ በአንድ እየመረመረ የራሱን መዝገብ እንዲያዘጋጅ ነው። የሚያስፈልገው ባለ መስመር ደብተር፣ እርሳስ፣ የምሥራቅ አውሮፓ ወንዞች በደንብ የሚታዩበት ካርታ፣ ከተገኘም የባሕረ ሐሳብ ዕውቀት ነው። የመጨረሻው የሚያስገርም ቢሆንም አራተኛው ደረጃ ላይ ስንደርስ ሥራውን ታያላችሁ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።

ደረጃ 1፦ «ሩስ»ን ከ«ሩሲያ» ለዩ

በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሩስ» ብላችሁ ጻፉ፤ «ሩሲያ» የሚለውን ለኋለኛው ዘመን አቆዩት። ከ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የዚህ አገር ዋና መናገሻ ኪየቭ ናት። ሞስኮ ስሟ በጽሑፍ የሚነሣው ገና በ1147 ነው። የዛሬዎቹ ሩሲያውያን፣ ዩክሬናውያንና ቤላሩሳውያን ሦስቱም ታሪካቸውን ከዚያው ይጀምራሉ፤ ሦስቱም የሚጀምሩበት በቂ ምክንያት አላቸው። ስለዚህ «ቭላዲሚር» እና «ቮሎዲሚር»፣ «ኪየቭ» እና «ኪዪቭ» ሲያጋጥማችሁ አንድ ሰው፣ አንድ ከተማ መሆናቸውን አትርሱ። አንዱን አጻጻፍ ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ዝለቁ፣ ሌላውን ኅዳጉ ላይ ያዙት።

ደረጃ 2፦ ከገዢዎቹ በፊት ወንዞቹን ሣሉ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው የቀረው ታሪክ አይገባውም። ከባልቲክ ባሕር ተነሡ፤ በኔቫ ወንዝ ወደ ላዶጋ ሐይቅ፣ ከዚያ በቮልኾቭ ሽቅብ ወደ ኢልመን ሐይቅ፣ ከኢልመን በሎቫት ወንዝ ወደ ደቡብ ሂዱ። እዚያ ጀልባው ከውኃ ወጥቶ በየብስ ይጎተታል፤ በስተመጨረሻ ድኒፐር ላይ ይወርዳል። ድኒፐር በኪየቭ በኩል አልፎ ጥቁር ባሕር ያደርሳል፤ ከማዶ ቁስጥንጥንያ አለች። በሌላ ቀለም ደግሞ ቮልጋን ተከትላችሁ እስከ ካስፒያን ባሕር ሣሉ፤ የአረቦች የብር ዲርሃም ወደ ሰሜን የሚጎርፈው በዚያ በኩል ነበር። ጸጉራም ቆዳ፣ ማርና ሰም፣ ባሪያም ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ብርና ሐር ወደ ሰሜን ይወጣል።

ካርታው ላይ ስታራያ ላዶጋን ክበቡት። እዚያ ከተገኙት ሳንቃዎች ጥንታዊዎቹ በ753 የተቆረጡ መሆናቸው በዛፍ ቀለበት ቆጠራ ታውቋል። ሩሪክ መጣ ከሚባልበት ዓመት አንድ መቶ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ከስካንዲናቪያ የመጡ ነጋዴዎች፣ ስላቮችና የፊን ነገዶች ማንም «ኑና ግዙን» ሳይላቸው በዚያች ትንሽ ወደብ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር።

ስለ ወንዙ ጉዞ በቅርበት የጻፈልን የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ 7ኛ ነው፤ በ10ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለልጁ ባዘጋጀው የአስተዳደር መጽሐፍ ውስጥ። እንደ እሱ አባባል የሩስ አለቆች በኅዳር ወር ገደማ ከኪየቭ ወጥተው ክረምቱን ሙሉ በስላቭ ገባሮቻቸው ዘንድ እየዞሩ ይቀለባሉ። በረዶው ሲቀልጥ ይመለሳሉ፤ በሰኔ ጀልባዎቻቸውን ጭነው ቁልቁል ይወርዳሉ። ድኒፐር ላይ ፏፏቴዎች አሉ። ከሁሉ በከፋው ላይ ሲደርሱ ዕቃው ይወርዳል፤ ባሮቹ በሰንሰለት እንደታሰሩ ስድስት ማይል በእግር ይነዳሉ፣ ጀልባው ይጎተታል ወይም በትከሻ ይሄዳል፣ ፔቼኔግ የሚባሉት የስቴፕ (የሰፊው የሣር ሜዳ) ፈረሰኞች እንዳይደርሱባቸው ዘበኛ ይቆማል። ፏፏቴውን ሲያልፉ በአንዲት ደሴት ላይ ከግዙፍ የባሉጥ ዛፍ ሥር ዶሮ ይሠዋሉ።

ከዚህ ምንባብ አንድ ነገር ነቅሳችሁ በደብተራችሁ አስፍሩ፦ ንጉሡ ለፏፏቴዎቹ ሁለት ሁለት ስም ይሰጣል፣ አንዱን «በሩስ»፣ አንዱን «በስላቭ» ብሎ። በሩስ የተባሉት ስሞች በአብዛኛው ከስካንዲናቪያ ቋንቋ የሚፈቱ ናቸው። እስከ 950 ገደማ ገዢው ክፍልና ገባሩ ሁለት ቋንቋ ይናገሩ እንደነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ደረጃ 3፦ ዜና መዋዕሉ መቼ እንደተጻፈ ጠይቁ፣ አራት ዓምድ አስምሩ

ስለ መጀመሪያዎቹ ገዢዎች የምንሰማው አብዛኛው «ያለፉት ዓመታት ዜና» ከሚባለው የኪየቭ ዜና መዋዕል የተቀዳ ነው። የተጠናቀረው በ1110ዎቹ ሲሆን ትውፊት ለዋሻዎቹ ገዳም መነኩሴ ለኔስቶር ይሰጠዋል። በ1116 ደግሞ የቅዱስ ሚካኤል ገዳም አበምኔት ሲልቬስተር ስሙን አኑሮበታል። የመጀመሪያው ብራና ጠፍቷል። በእጃችን ካሉት ቅጂዎች በዕድሜ የሚቀድመው ላቭሬንቲ የተባለ መነኩሴ በ1377 የገለበጠው ነው፤ ሌላው ዋና ቅጂ፣ የኢፓቲ ቅጂ የሚባለው፣ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

አሁን አራት ዓምድ አስምሩ፦ የገዢው ስም፤ ዜና መዋዕሉ የሚለው፤ ከዜና መዋዕሉ ውጭ ያለ ምስክር፤ ምስክሩ ከድርጊቱ ያለው ርቀት በዓመት።

በሩሪክ ጀምሩ። ዜና መዋዕሉ በ862 የሰሜን ነገዶች እርስ በርስ ተዋግተው ሰላም ስላጡ ከባሕር ማዶ ቫራንጋውያንን (የስካንዲናቪያ ተዋጊ ነጋዴዎችን) ጠርተው ምድራችን ሰፊና ባለጸጋ ናት፣ ሥርዓት ግን የላትም፣ መጥታችሁ ግዙን አሉ ይላል። ሦስት ወንድማማች መጡ፦ ሩሪክ፣ ሲኔዉስ፣ ትሩቮር። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ነው። አራተኛው ላይ «250 ዓመት ገደማ» ብላችሁ ጻፉ።

እዚህ ላይ ሁለት ምልክት አድርጉ። አንደኛ፣ ይኸው መጽሐፍ ኪየቭን የመሠረቱት ኪይ፣ ሽቼክና ሖሪቭ የሚባሉ ሦስት ወንድማማች ናቸው ይላል። ሦስት መሥራች ወንድማማች በአንድ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ሲመጣ የአፍ ትረካ ቅርጽ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ሁለተኛ፣ ሩሪክ መጀመሪያ የት እንደተቀመጠ ቅጂዎቹ አይስማሙም፤ አንዳንዱ ኖቭጎሮድ ይላል፣ የኢፓቲው ላዶጋ። ቁፋሮው ለላዶጋ ያደላል፤ በኖቭጎሮድ ከተማ ውስጥ የተገኙት ጥንታዊ ንብርብሮች ከ930ዎቹ አይቀድሙም፣ 9ኛውን ክፍለ ዘመን የሚያሳየው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የጎሮዲሽቼ ኮረብታ ነው።

ይህ ማለት ሩሪክ አልነበረም ማለት አይደለም። ዓምዱ ባዶ ከሆነ ባዶነቱ ይታይ፣ ያ በቂ ነው።

ደረጃ 4፦ ዓመተ ዓለሙን ቀይሩ

ዜና መዋዕሉ ዓመት የሚቆጥረው ከዓለም ፍጥረት ነው። ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዓመተ ዓለም እስከ ዛሬ በየዓመቱ በዐውደ ዓመት የምንሰማው ነው። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ከፍጥረት እስከ ልደተ ክርስቶስ 5500 ዘመን ነው፤ ሩሶች የተቀበሉት የቢዛንታይኑ ግን 5508 ነው። በለመድነው 5500 ከቀነሳችሁ ትስታላችሁ።

ቀመሩ ይህ ነው። ወደ አውሮፓው ለመለወጥ 5508 ቀንሱ፦ 6370 ሲቀነስ 5508፣ 862 ይሰጣል። ወደ እኛ ዓመተ ምሕረት ለመለወጥ 5516 ቀንሱ፤ 6370 በዚህ ሒሳብ 854 ዓ.ም. ነው፣ ከመስከረም በኋላ ላለው ጊዜ አንድ ትጨምራላችሁ። ሁለቱን የፍጥረት ቁጥሮች ጎን ለጎን ካያችሁ የቢዛንታይኑ ከእኛው 16 ዓመት ይቀድማል።

ቀጥሎ የዓመቱ መባቻ አለ። ኪየቭ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዓመቱ በማርች 1 ይጀምራል፤ በቢዛንታይን በሴፕቴምበር 1። ጸሐፊዎቹ የትኛውን እንደተጠቀሙ አይነግሩንም። ስለዚህ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ የወደቀ ድርጊት ሁሉ በአንድ ዓመት ሊዛነፍ ይችላል። ማርችን መባቻ ካደረጋችሁ ለእነዚህ ሁለት ወራት 5507 ነው የሚቀነሰው።

በያሮስላቭ ሞት እንፈትነው፣ የባሕረ ሐሳብ ጥቅም እዚህ ነውና። ዜና መዋዕሉ በ6562 ዓመተ ዓለም፣ በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ቅዳሜ፣ በቅዱስ ቴዎድሮስ ቀን ሞተ ይላል። በቅድስት ሶፍያ ግድግዳ ላይ የተጫረው ጽሑፍ ደግሞ 6562፣ ፌብሩዋሪ 20 ይላል፤ ያሮስላቭንም «ንጉሣችን» በሚል ቃል ይጠራዋል። ዓመቱ በማርች ከጀመረ 6562 ፌብሩዋሪ 1055 ላይ ይወድቃል፣ በሴፕቴምበር ከጀመረ 1054 ላይ። የትኛው ነው?

የሁለቱንም ዓመት ፋሲካ አውጡ። 1054 የሚውለው በ1046 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ዓለሙ በእኛ 6546፤ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 10፣ ወንበሩ 9፣ መጥቅዑ 21። መስከረም 21 ቅዳሜ ስለሚውል የቅዳሜ ተውሳክ 8 ይደመርና መባጃ ሐመሩ 29 ይሆናል። ነነዌ ጥር 29፣ ፋሲካ ሚያዝያ 8፤ በዩልዮስ አቆጣጠር ኤፕሪል 3 ማለት ነው። የግሪኮቹ ጾም ከእኛ ዐቢይ ጾም አንድ ሳምንት ዘግይቶ ስለሚገባ የመጀመሪያው ቅዳሜያቸው የሚውለው በእኛ ቅድስት ሳምንት መጨረሻ፣ የካቲት 25 ነው፤ ይህ ፌብሩዋሪ 19 ነው። ማግሥቱ እሑድ 20። ግድግዳውና ዜና መዋዕሉ በአንድ ቀን ልዩነት ተገናኙ።

በ1055 ብትሞክሩት ፋሲካ ሚያዝያ 21 ይወጣል፤ የጾማቸው የመጀመሪያ ቅዳሜ መጋቢት 8፣ ማርች 4 ይሆናል። ፌብሩዋሪ 20 ላይ ጾሙ ገና አልገባም። ስለዚህ ያሮስላቭ የሞተው በ1054 ነው። አባቶች ያቆዩልን ሒሳብ የኪየቭን መስፍን የሞት ዓመት እንዲህ አጥርቶ ያወጣል፤ ቆጠራውን የምታውቁ ወረቀት አንሥታችሁ ራሳችሁ ሥሩት።

ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ቀመሩ ትክክል ሆኖም መልሱ ሊሳሳት ይችላል፤ ስሕተቱ ከጸሐፊው ስለሚነሣ። ሩሶች ቁስጥንጥንያን ወረሩ የሚለውን ዜና መዋዕሉ በ6374 አስቀምጦታል፤ 866 ይመጣል። የግሪክ ምንጭ ግን ጁን 18 ቀን 860 ይላል። ስድስት ዓመት ስሕተት! ከ10ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት ያሉትን የዜና መዋዕሉን ዓመታት በእርሳስ ጻፉ፣ በቀለም አትጻፉ።

ደረጃ 5፦ የውጭ ምስክር ጥሩ

ሥራው የሚጥመው እዚህ ነው። ሦስተኛውን ዓምድ መሙላት ጀምሩ።

ከሁሉ የሚቀድመው ምስክር ምዕራባዊ ነው። በ839 የቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት ቴዎፍሎስ ወደ ፍራንኮች ንጉሥ ወደ ሉዊ የላካቸው መልእክተኞች «ሮስ» የሚባሉ ሰዎችን ይዘው ኢንገልሃይም ደረሱ። ንጉሣቸው «ካጋን» (የስቴፕ ገዢዎች ማዕረግ ነው) ይባላል አሉ። ሉዊ ቢያጣራ ስዊድናውያን ሆነው ተገኙ። ሩሪክ መጣ ከሚባልበት 23 ዓመት በፊት! ይህን መስመር ከሩሪክ በላይ አስገቡት።

ኦሌግ ኪየቭን በ882 ያዘ ይባላል፤ ከፈረሱ የራስ ቅል በወጣች እባብ ተነድፎ ሞተ የሚለው ትረካ ለልጆች የሚነገር ነው። የሚጨበጠው ከግሪኮች ጋር የተደረገው የ911 ውል ነው፤ ቃሉ በዜና መዋዕሉ ውስጥ ተገልብጦ ይገኛል። የመልእክተኞቹን ስም ተመልከቱ፦ ካርል፣ ፋርሎፍ፣ ቬርሙድ፣ ስቴሚድ። አንድ እንኳ ስላቭ የለም። ከዚያ የ944ቱን የኢጎርን ውል አምጡ፤ ስቪያቶስላቭ፣ ፕሬድስላቫ የሚሉ ስሞች ብቅ ብለዋል። በአንድ ትውልድ ውስጥ ገዢው ቤት ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ሲዞር በስም ዝርዝር ላይ ታያላችሁ። ኢጎር ራሱ በ941 ቁስጥንጥንያን ወርሮ መርከቦቹ «የግሪክ እሳት» በሚባለው የቢዛንታይን ተቀጣጣይ መሣሪያ መቃጠላቸውን ጣልያናዊው ጳጳስ የክሬሞናው ሊውትፕራንድ መዝግቧል። «ኢንገር» ይለዋል። ከዜና መዋዕሉ ውጭ በጥሩ ምስክር የምናውቀው የመጀመሪያ ገዢ እሱ ነው ብል አልሳሳትም።

ኦልጋ ላይ ቆም በሉ። ባሏን ኢጎርን ድሬቭላውያን የሚባሉት የስላቭ ነገድ በ945 ገደሉት፤ ግብር ሰብስቦ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ሌላ ግብር ስለጠየቃቸው። ዜና መዋዕሉ አራት በቀል ይተርክላታል፦ የመጀመሪያዎቹን መልእክተኞች ከነጀልባቸው ከነሕይወታቸው አስቀበረች፤ ሁለተኛዎቹን መታጠቢያ ቤት ዘግታ አቃጠለች፤ በባሏ ተዝካር ላይ የሰከሩትን አስፈጀች፤ በመጨረሻ ኢስኮሮስቴን ከተማን ከበባ ከየቤቱ ሦስት ርግብና ሦስት ድንቢጥ በግብር ተቀበለችና እሳት አሥራ ለቀቀቻቸው፣ ወፎቹም ወደ ጎጇቸው ተመልሰው ከተማውን አነደዱት። የወፎቹ ዘዴ በስካንዲናቪያ ትረካዎች ውስጥ በኋላ የያሮስላቭን ልጅ ላገባው ለኖርዌዩ ንጉሥ ለሃራልድም ተሰጥቷል፤ ከአንዱ ጀግና ወደ ሌላው የሚዘዋወር ታሪክ ነው። ይህን «ትረካ» በሉት። ከበቀሉ በኋላ ኦልጋ የግብር መሰብሰቢያ ጣቢያና የተወሰነ መጠን ደነገገች የሚለው አጭር ዐረፍተ ነገር ግን ከወፎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ባሏን የገደለው ያልተወሰነ ግብር ነበርና።

ወደ ቁስጥንጥንያ ያደረገችውን ጉዞ ዜና መዋዕሉ በ955 ያስቀምጠዋል። በቤተ መንግሥቱ የሥርዓት መጽሐፍ አቀባበሏ በዝርዝር ተጽፏል፦ ሌሎቹ ሲሰግዱ እሷ ራሷን በጥቂቱ ዝቅ እንዳደረገች፣ በዕንቁ ባጌጠ የወርቅ ሳህን 500 የብር ሳንቲም እንደተሰጣት፣ አብሯት ጎርጎርዮስ የሚባል ቄስ እንደነበረ። ዓመቱ የለም፤ ቀኑ ግን አለ፦ ረቡዕ ሴፕቴምበር 9 እና እሑድ ኦክቶበር 18። ዕለቱን አስሉ። በ955 ሴፕቴምበር 9 እሑድ ነበር፣ አይሆንም። ረቡዕ የሚውለው በ946 እና በ957 ነው። ሁለቱንም ጻፉ፤ ሊቃውንቱም እስከ ዛሬ በሁለቱ መካከል ይከራከራሉ። ስትጠመቅ የክርስትና ስሟ እሌኒ ሆነ፣ በንግሥቲቱ ስም።

የስቪያቶስላቭን መልክ የምናውቀው ከጠላቶቹ ነው። በ971 በዳኑብ ዳር ከንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ ጺሚስኪስ ጋር ሲታረቅ ዲያቆን ሊዮ የተባለ ጸሐፊ እንዲህ ይሥለዋል፦ እንደ ሌሎቹ ቀዛፊዎች ጀልባ እየቀዘፈ መጣ፤ ቁመቱ መካከለኛ፣ ቅንድቡ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጺሙ የተላጨ፣ ሪዙ ረጅም፤ ራሱም ተላጭቶ በአንድ ጎን ቁንጮ ቀርቶለታል፤ በአንድ ጆሮው ሁለት ሉልና አንድ ቀይ ዕንቁ ያለበት የወርቅ ጉትቻ፤ ልብሱ ከሌሎቹ በንጽሕናው ብቻ የሚለይ ነጭ። ከተራው ሰው ጋር የሚቀዝፍ መስፍን። በማግሥቱ ዓመት በድኒፐር ፏፏቴ ፔቼኔጎች ገደሉት።

ቭላዲሚር ላይ ምስክሩ ይበዛል፣ ይጋጫልም። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው መልእክተኞቹ የየሃይማኖቱን ሥርዓት ዞረው አዩ፣ የቁስጥንጥንያውን ቅዳሴ አይተው በሰማይ ይሁኑ በምድር ጠፋቸው፤ ቭላዲሚርም በክሪሚያ ያለችውን የቢዛንታይን ከተማ ኸርሶንን ይዞ የንጉሠ ነገሥቱን እኅት አናን ጠየቀ፣ ተጠመቀ። የአንጾኪያው ያሕያ በአረብኛ የጻፈው ግን ከሌላው ወገን ነው፦ ዓመፅ ያስጨነቀው ንጉሠ ነገሥት ባስልዮስ 2ኛ ነበር፣ ጦር ለመለመን እኅቱን የሰጠው እሱ ነው። አርመናዊው ታሪክ ጸሐፊ እስጢፋኖስ ዘታሮን የተላከውን ጦር 6,000 ያደርሰዋል። ሁለቱን ትረካዎች በአንድ ገጽ ትይዩ አስቀምጡ። በእኔ አስተያየት ያሕያ ይበልጥ ይታመናል፤ ለኪየቭም ለቁስጥንጥንያም ክብር የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም። የቭላዲሚር ሳንቲሞች ደግሞ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ባንዱ ወገን ምስሉ፣ ዙሪያውን «ቭላዲሚር በዙፋን» የሚል ጽሑፍ። በላያቸው ያለው ባለ ሦስት ጣት ምልክት ዛሬ የዩክሬን መንግሥት ዓርማ ነው።

ደረጃ 6፦ ዕድሜ ደምሩ

ይህ አጭር ነው፣ ግን ብዙ ያጋልጣል። ዜና መዋዕሉ ሩሪክ በ879 ሲሞት ልጁ ኢጎር ሕፃን ነበር ይላል። ኦልጋን ያገባው በ903። ልጃቸው ስቪያቶስላቭ በ946 ጦር ሲወረውር ከፈረሱ ጆሮ መካከል ወድቆ እግሩን የመታ ሕፃን ነው፤ የኢፓቲው ቅጂ ልደቱን በ942 ያደርገዋል። ኦልጋ በ12 ዓመቷ ተድራ ቢሆን እንኳ ስትወልድ 51 ሊሆናት ነው፣ ኢጎርም ከ60 አልፏል። አንድ ቦታ ላይ ትውልድ ጎድሏል፣ ወይም ኢጎር የሩሪክ ልጅ አይደለም። ለእያንዳንዱ አባትና ልጅ ይህን ድምር ሥሩ።

ደረጃ 7፦ የዘር ሐረጉን አግድም ሣሉ

ስሞቹ ይደጋገማሉ፤ ቭላዲሚሮችና ስቪያቶስላቮች ይበዛሉ። መፍትሔው በእጃችን ነው፦ እኛ እንደምናደርገው የአባት ስም ጨምሩ። ሩሶቹም ያደርጉታል፤ ቭላዲሚር ስቪያቶስላቪች ማለት ቭላዲሚር የስቪያቶስላቭ ልጅ ነው። ከዚያ የክርስትና ስም ጻፉ፤ ቭላዲሚር ባስልዮስ፣ ያሮስላቭ ጊዮርጊስ፣ በ1015 የተገደሉትና በቅድስና የከበሩት ወንድማማች ቦሪስና ግሌብ ሮማንና ዳዊት ነበሩ። ማኅተምና ግድግዳ ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ይህ ስም ነው፤ ካልያዛችሁት አንዱን ሰው ሁለት ታደርጉታላችሁ።

ወንድማማቾችን በአንድ መስመር ደርድሯቸው። ከያሮስላቭ በኋላ የኪየቭ ዙፋን ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ታላቅ ወንድም ልጅ ይዞር ነበር። ኢዝያስላቭ፣ ስቪያቶስላቭ፣ ቭሴቮሎድ ሦስቱም ተፈራርቀው ገዙ። በ1093 ቭሴቮሎድ ሲሞት የገባው የራሱ ልጅ አይደለም፣ የታላቅ ወንድሙ የኢዝያስላቭ ልጅ ስቪያቶፖልክ ነው፤ የቭሴቮሎድ ልጅ ቭላዲሚር ሞኖማኽ እስከ 1113 ጠበቀ። ሐረጉን ቁልቁል ብቻ የሚሥል ሰው ይህን ሁሉ ሽኩቻ የዘፈቀደ ይመስለዋል። በ1097 መሳፍንቱ ሊዩቤች ላይ ተሰብስበው እያንዳንዱ የአባቱን ርስት ይያዝ ብለው ተማማሉ፤ ወዲያው ከመካከላቸው አንዱ መስፍን ተይዞ ሁለቱም ዐይኖቹ ጠፉ።

ደረጃ 8፦ ለሕዝቡ ገጽ ተዉለት

የመሳፍንቱ መዝገብ ብቻውን የሩስን ሕዝብ አያሳይም። በኖቭጎሮድ እርጥብ አፈር ውስጥ በበርች ዛፍ ልጣጭ ላይ የተጫሩ ደብዳቤዎች አሉ፤ የመጀመሪያው በጁላይ 26 ቀን 1951 ተገኘ፣ እስካሁን ከ1,100 በላይ ወጥተዋል። ዕዳ፣ ጋብቻ፣ የተሰረቀ ንብረት፣ ከባል ለሚስት የተላከ ትእዛዝ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሕፃኑ ኦንፊም ፊደሉን ይደረድራል፣ ከዳዊት መዝሙር ቃል እየነቀሰ ይለማመዳል፤ መሃል ላይ ይሰለቸውና ራሱን ፈረሰኛ አድርጎ ይሥላል። አንዱ ልጣጭ ላይ ምላሱን ያወጣ አውሬ ሥሎ «እኔ አውሬ ነኝ» ብሎ ጽፎበታል። ቢያንስ አምስት እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች መርጣችሁ ይዘታቸውን፣ የተገመተ ዘመናቸውንና በዚያው ጊዜ ማን ይገዛ እንደነበር በአንድ ገጽ አያይዙ።

ደረጃ 9፦ ወደ ሞስኮ የሚወስደውን መስመር አስምሩ

ሐረጉን ከሞኖማኽ ልጅ ከዩሪ ዶልጎሩኪ ቀጥሉ፤ ሞስኮን በ1147 ስሟ እንዲነሣ ያደረገ ግብዣ የእሱ ነው። ልጁ አንድሬይ ቦጎልዩብስኪ ጦሩን ልኮ በ1169 ኪየቭን አስዘረፈ፣ እሱ ግን ሊቀመጥባት አልመጣም፤ ቭላዲሚር በተባለችው የሰሜን ምሥራቅ ከተማ ቀረ። ይህን ዓመት በቀይ አስምሩበት፤ ኪየቭን የያዘ ሁሉን ይይዛል የሚለው አስተሳሰብ የተሰበረው እዚህ ነው። ቀጥሎ ሞንጎሎች አሉ፦ ሪያዛን በ1237 መጨረሻ፣ ቭላዲሚር በ1238፣ ኪየቭ በ1240። በዚያው 1240 አሌክሳንድር ኔቭስኪ በኔቫ ዳር ስዊድኖችን አሸነፈ፤ የሞስኮ መሳፍንት የሚወለዱት ከትንሹ ልጁ ከዳንኤል ነው። ከዳንኤል ወደ ኢቫን ካሊታ፣ ወደ ድሚትሪ ዶንስኮይ፣ በ1480 ከኡግራ ወንዝ ማዶ የቆመውን የሞንጎል ጦር ሳይዋጋ ወደ መለሰው ኢቫን 3ኛ፣ በ1547 ዛር ተብሎ ዘውድ ወደ ጫነው ኢቫን 4ኛ ትወርዳላችሁ። የኢቫን 4ኛ ልጅ ፊዮዶር በ1598 ያለ ወራሽ ሲሞት የሞስኮ ቅርንጫፍ ይቆማል።

ከዚህ በኋላ ወደ ሩሪክ መስመር ተመለሱና ከኢቫን 4ኛ ዘመን የተጻፈ ሌላ ምስክር ጨምሩበት፦ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የሞስኮ ጸሐፍት ሩሪክን ፕሩስ ከሚባል የአውግስጦስ ቄሣር ወንድም ዘር አድርገውታል። ርቀቱ 700 ዓመት ገደማ ነው። አራተኛው ዓምድ ላይ ቁጥሩን አስፍሩ።